ከቤት ምግብ መሸጥ፦ ፈቃዱ ሳይሆን መድኑ ነው ያንገላታኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። «ምግብ በቤቴ አዘጋጅቼ ለሚያውቁኝ ሰዎች እሸጣለሁ፤ ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ? የቤት መድን አለኝ፤ እሱ አይበቃም ወይ?» ነው ያልሽው። መልሱ አጭር ነው፦ ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ የቤት መድንሽም አይበቃም። ረጅሙ ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

አንደኛ፣ ስለ ፈቃዱ ብዙ አልልም። የንግድ ምዝገባና የምግብ ጤና ቁጥጥር አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ቢሮዎች ሥራ ናቸው፤ አንዱ ጋ ጨረስሽ ማለት ሌላውም አለቀ ማለት አይደለም። «ለሚያውቁኝ ብቻ ነው» የሚለው ምክንያት የትም አያደርስሽም፤ ገንዘብ ከተቀበልሽ ሽያጭ ነው። የምትኖሪው በኪራይ ከሆነ ውሉን አውጥተሽ እይው። «ለመኖሪያ ብቻ» የሚል አንቀጽ ካለበት የአከራይሽን ስምምነት በጽሑፍ ያዢ። ለቤት ውስጥ ሥራ ቀለል ያለ ፈቃድ የሚሰጡ ሕጎች በአብዛኛው የሚያስቡት ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ ደረቅ ምግብን ነው። አየር በማይገባው ዕቃ አሽገሽ የምትሸጪው ነገር ካለ የአሲድነት መጠኑን ይጠይቁሻል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4.6 በላይ ከሆነ (ማለትም አሲድነቱ ካነሰ) ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ሊያድግ ይችላል። በዚህ ጥያቄ አትናደጂባቸው፤ ልክ ናቸው።

ሁለተኛ፣ መድን። እኔ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የመድን ወኪሌን በስልክ ጠይቄው ነበር። «ትንሽ ነገር ስለሆነ ምንም ችግር የለውም» አለኝ። አንድ ደንበኛዬ ለግብዣ ያዘዘችውን ምግብ ወሰደች፤ ከእንግዶቿ የታመሙ ሰዎች ነበሩና ከጠበቃ የካሳ ጥያቄ ደረሰኝ። ደብዳቤውን ይዤ ወደ መድን ድርጅቱ ሄድሁ። የካሳ ክፍል ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ይህ የመኖሪያ ቤት ውል ነው፤ ንግድ አይሸፍንም» አለ። ወኪሉ የነገረኝን ስነግረው «ጽሑፍ አለሽ?» ብሎ ወረቀቴን በጠረጴዛው ላይ መልሶ ገፋልኝ። እናቱ ልሆን የምችል ሰው ነኝ፤ «አንቺ» እያለ ነበር የሚያናግረኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ «በቤቱ ውስጥ ንግድ እንደሚካሄድ አላሳወቁም» የሚል ደብዳቤ ላኩልኝ፤ የቤት መድኔን ራሱን ሊያቋርጡት ማለት ነው። ሕጉ በዚህ በኩል ይጠቅማቸዋል፤ መድን የገባው ሰው አደጋውን የሚያከብድ ለውጥ ሲኖር የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ምድጃሽ እሳት ቢያስነሳ የተቃጠለውን ቤት ጭምር አንከፍልም ሊሉሽ ይችላሉ። አረቦኑን፣ ማለትም የመድን ክፍያዬን፣ ሲቀበሉኝ ግን ስለ ማሳወቅ አንድም ቃል የተነፈሰልኝ አልነበረም!

ታዲያ ምን አዳነኝ? ደብተሬ። ጎረቤቶቼ የሚስቁበት ደብተር። እያንዳንዱን ምግብ መቼ እንደሠራሁ፣ ግብዓቱን ከየት እንደገዛሁ፣ ሲበስልና ሲቀዘቅዝ ቴርሞሜትሩ ያሳየውን፣ ለማን በስንት ሰዓት እንዳስረከብሁ እጽፋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል፤ የበሰለ ምግብም በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ነው የሚለው። እኔም ይህንኑ በእያንዳንዱ መያዣ ላይ እለጥፋለሁ። ከዚያው ድስት የወሰዱ ሌሎች ደንበኞቼ አልታመሙም፤ የግብዣው ምግብ ግን ከሰዓት በኋላ ተወስዶ እስከ ምሽት ጠረጴዛ ላይ እንደቆየ ታወቀ። የካሳ ጥያቄውን ተዉት። ሆኖም የእኔን ጠበቃ የከፈልሁት ከኪሴ ነው፤ ያንን ገንዘብ የሚመልስልኝ የለም።

ስለዚህ የምትፈልጊው የምርት ኃላፊነትን የሚሸፍን መድን ነው፤ በሸጥሽው ምግብ ምክንያት ሰው ሲጎዳ የሚከፍለው እሱ ነው። ምግቡን ሊወስድ መጥቶ ደረጃሽ ላይ የሚወድቀውን ሰው የሚመለከተው አጠቃላይ የኃላፊነት መድን ነው፤ አንዳንዱ ውል ሁለቱን አንድ ላይ ይዟል፣ አንዳንዱ አልያዘም። ስትፈርሚ ስለ ጠበቃ ወጪ ጠይቂ፦ ከሽፋኑ ጣሪያ (መድኑ ከሚከፍለው ከፍተኛ መጠን) ላይ ይቀነሳል ወይስ ለብቻው ነው?

ሌላው ሻጮቹ ቶሎ የሚያልፉት ነገር አለ። አንዳንዱ ውል የሚሸፍነው ጉዳቱ የደረሰው ውሉ በጸናበት ጊዜ ከሆነ ነው፤ የካሳ ጥያቄው ዘግይቶ ቢመጣም ይከፍላል። ሌላው ደግሞ ጥያቄው ራሱ ውሉ ሳያበቃ መቅረብ አለበት ይላል። ሁለተኛውን ገዝተሽ ሥራውን ስታቆሚ ውሉን ብታቋርጪ፣ ትናንት ለሸጥሽው ምግብ ዛሬ ብቻሽን ነሽ። ይህኛው ረከስ ብሎ ሊቀርብልሽ ይችላል፤ ለምን እንደረከሰ አሁን ገብቶሻል።

ሦስተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ አለርጂ ነው። ለውዝ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ሰሊጥ፣ ዓሣ፣ አኩሪ አተር፣ ያለው ሁሉ በመያዣው ላይ ይጻፍ። በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ «ሊነካካ ይችላል» የሚለውንም ጨምሪበት፤ ነገር ግን ይህች ዓረፍተ ነገር ካለመጠንቀቅ አታድንሽም። «ለውዝ የለበትም» ብለሽ በቃልሽ ማረጋገጫ ከመስጠት ተቆጠቢ።

ራስሽ በመኪናሽ የምታደርሺ ከሆነ የመኪናው መድንም ለንግድ ማጓጓዝን ሊያገልል ስለሚችል እሱንም ጠይቂ። ወኪሉ «በስልክ እነግርሻለሁ» ካለሽ እሺ በይው። ስልኩን እንደዘጋሽ ግን የተነጋገራችሁትን ጽፈሽ ላኪለትና «የተባባልነው ይህ ነው፤ ስህተት ካለበት በጽሑፍ አርሙልኝ» በይው። መልስ ከላከ አስቀምጪው፤ ካልላከ ሌላ ድርጅት ፈልጊ።