የዓሣ ጠመንጃ ለመግዛት ላሰበው የደሴ ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብሁት። ጅዳ ያለው ታላቅ ወንድምህ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በአየር ግፊት የሚሠራ የዓሣ ጠመንጃ (ውሃ ውስጥ ጦር የሚወነጭፍ የዓሣ ማደኛ) ሊልክልህ ነው። አንተ ደግሞ ደሴ አጠገብ ባለው «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ ላይ ልትለማመድበት፣ ወደ እሱ ስትሄድ በቀይ ባሕር ልትጠቀምበት አስበሃል። እኔ የምልህ ይህን አይላክ፤ በላስቲክ የሚሠራ 75 ሳንቲ ሜትር ይግዛልህ ነው።

ልጅነቴ አሰብ፣ የሥራ ዘመኔ ጅዳ ስለነበረ ይህን መሣሪያ በእጄ አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ምን ያህል ርቀት ይመታል?» ይላል። መቅደም ያለበት ግን «ውሃው ምን ያህል ያሳያል?» የሚለው ነው። ጦሩ ዓይንህ ከሚደርስበት አልፎ ቢሄድ ከዓሣው ጀርባ ያለውን ሰው ወይም መረብ ነው የሚያገኘው። በጅዳ ጥሩ ቀን ሲሆን ሃያ ሜትርና ከዚያ በላይ ታያለህ፤ ናጂል የሚባለው የቀይ ባሕር ዓሣ ከድንጋዩ ጥግ ብቅ ሲል ለመምታት 90 ወይም 100 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። 120 እና 130 ከዳር ርቀው፣ በገላጣው ጥልቅ ውሃ ትልልቅ ዓሣ ለሚያድኑ ነው። ሐይቅ ግን እንዲህ አያሳይም፣ በተለይ የክረምቱ ጎርፍ ከገባበት በኋላ። ረጅም መሣሪያ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ለማዞርም ይከብዳል፤ ቆሮሶ የሚባለው የሐይቁ ዓሣ ደግሞ እስክታዞረው አይጠብቅህም።

በዚህ ላይ ውሃ ዓይንን ያታልላል። በመነጽር ስታየው አራት ሜትር ላይ ያለ ዓሣ ሦስት ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፣ ገዝፎም ይታያል። ጀማሪ ሁሉ ከሩቅ እየተኮሰ የሚስተው በዚህ ነው። አጭሩ መሣሪያ እንድትጠጋ ያስገድድሃል፤ ቀስ ብሎ፣ ዓሣውን ሳያስደነግጡ መጠጋትን ካልለመድህ የትኛውም ጠመንጃ አይረዳህም።

በአየር ግፊት የሚሠራውን አላጣጥልም። አጭሩ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ኃይለኛ ነው። ነገር ግን ውስጡ ያለው ጎማ አርጅቶ አየር ማፍሰስ ሲጀምር ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ማን ይጠግንልሃል? ላስቲክ ቢበጠስ በገዛ እጅህ ትቀይረዋለህ።

ወንድምህ ሱቅ ሲገባ ጦሩን አውጥቶ በመስታወት ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ ያንከባልለው። የተጣመመ ከሆነ እየዘለለ ይሄዳል፣ ከሥሩም ብርሃን ይታያል። 6.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃሃል። ላስቲኩን በተለይ ከታሰረበት ጫፍ ለጠጥ አድርጎ ይየው፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ ፀሐይ በልቶታልና ይተወው። የቃታው ውስጠኛ ክፍል ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይሁን። ከፕላስቲክ የተሠራው ሲያልቅ ጦሩን ሳታስበው ይለቀዋል፣ ይህን ቀላል ነገር አታድርገው። ላስቲኩን መወጠር ውሃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጀልባ ላይም ሆነ ዳር ላይ ፈጽሞ አይሆንም። ከውሃ ከመውጣትህ በፊትም አላላው።

አሁን ደግሞ ከመሣሪያው በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርህ። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የምትተነፍሰው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ጅዳ ላይ የምትለምደውን የትንፋሽ ልክ ሐይቅ ላይ አትመነው። ትንፋሹን ይዞ የሚጠልቅ ሰው ራሱን የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ፣ ከውሃው ወለል ጥቂት ሜትር ሲቀረው ነው። ምንም ሳይታወቀው ነው የሚስተው። ያን ጊዜ ከላይ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ አለቀ። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ይጠብቅ፤ ጓደኛ ካላገኘህ የዚያን ቀን አትግባ።

ሐይቅ የብዙ ዓሣ አስጋሪዎች እንጀራ ነው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ከመግባትህ በፊት የተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደህ አስፈቅድ። አስጋሪዎቹንም መረባቸው የት እንደተጣለ ጠይቃቸው። ወንድምህም በዚያ በኩል ያለውን ፈቃድ ያጣራ፤ ቅርጹ መሣሪያ ስለሚመስልም ዕቃው ከመላኩ በፊት ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቁ።

ሲልክልህ ሁለት ጥንድ ትርፍ ላስቲክ፣ አንድ ትርፍ የጦር ጫፍ፣ የሚንሳፈፍ ገመድና ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ይጨምርበት። በጨው ውሃ የሚንሳፈፍ ጠመንጃ ሐይቅ ላይ ሊሰጥም ይችላልና ያለ ገመዱ ይዘኸው አትግባ።