የአንባቢያን ጥያቄ፦ ድምፁ የጠፋ ቫልቭ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ በአሮጌ ትንንሽ መኪኖች ላይ ስለሚቃጠል የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ቆማ) ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፤ ፍጥነት ስይዝ ግን ደህና ትሆናለች። አቀበት ላይ ጉልበት የላትም። ካንዴላና የካንዴላ ገመድ ቀይሬ ለውጥ አላየሁም። «ቫልቭ ተቃጥሏል» ተብያለሁ። ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሳይወርድ ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሳይረጋገጥም ቴስታታ መውረድ የለበትም። የገለጹት ምልክት ከተቃጠለ ቫልቭ ጋር ይስማማል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የታመቀው አየር በተበላው ጠርዝ በኩል ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። ዙሩ ሲጨምር ጊዜው ስለሚያጥር ሞተሩ የተሻለው ይመስላል።

መጀመሪያ ምንም መሣሪያ የማይፈልገውን ይሞክሩ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ አንድ ቁራጭ ወረቀት በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ያንጠልጥሉ። ጤነኛ ሞተር ወረቀቱን ወደ ውጭ ብቻ ይገፋዋል። የጭስ ቫልቩ የማይገጥም ከሆነ ግን ወረቀቱ እየቆየ ወደ ቱቦው ይሳባል፤ ፒስተኑ አየር ለመሳብ ሲወርድ በተበላው ቫልቭ በኩል ከጭስ ቱቦውም ይስባልና። እሳት የማይደርሰው ሲሊንደርም ተመሳሳይ ነገር ሊያሳይ ስለሚችል በዚህ ብቻ አይፍረዱ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት ይለኩ። ሞተሩን ያሙቁ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ ይፍቱ፣ የኮይሉን ገመድ ይንቀሉ። አንድ ሰው ቤንዚን መርገጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ ይያዝ፤ ይህ ከተረሳ አየር በደንብ ስለማይገባ ጤነኛው ሲሊንደር ሁሉ ደካማ መስሎ ይታያል። የመለኪያው መርፌ 5 ወይም 6 ጊዜ እስኪዘል ሞተሪኖውን ያዙሩና ቁጥሩን ይጻፉ። ሦስቱ 8 ባር አካባቢ ሆነው አንዱ 4 ላይ ቢቆም ችግሩ እዚያ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ አስቀድመው ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ይጠርጥሩ።

በደካማው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ያረጀው የፒስተን ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ቀለበት) ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። እንደ ቮልስ ሲሊንደራቸው በተጋደመ ሞተሮች ላይ ግን ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ ይህ ሙከራ ብዙ አያስተማምንም።

የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው የታመቀ አየር ነው። ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጊዜ ፒስተኑን ጫፍ ላይ ያድርሱ፣ ማርሽ አስገብተው የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ይልቀቁና ያዳምጡ። ሹልክታው ከጭስ ማውጫው ከተሰማ የጭስ ቫልቩ ነው፤ ከካርቡራቶሩ ከሆነ የማስገቢያው። በዘይት መሙያው በኩል ከመጣ ፋሻው ነው፤ ራዲያተር ባለው መኪና ውሃው አረፋ ካወጣ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ። አየሩ ሲለቀቅ ሞተሩ በድንገት ሊዞር ስለሚችል እጅዎን ከቺንግያውና ከፑሌጃው ያርቁ።

ጥያቄ፦ ቫልቮቼ ጠቅ ጠቅ ይሉ ነበር። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አስጠብቄያቸዋለሁ። ጥሩ አደረግሁ?

መልስ፦ አላደረጉም፤ እባክዎ ዛሬውኑ ያስላሏቸው። አብዛኛው የቫልቭ መቃጠል የሚጀምረው ከዚህ ነው። የጭስ ቫልቭ በእሳት ውስጥ እየሠራ የማይቀልጠው፣ በተዘጋ ቁጥር ሙቀቱን በሚያርፍበት መቀመጫ በኩል ለቴስታታው ስለሚያስረክብ ነው። ሲሞቅ ደግሞ ይረዝማል። ለሚረዝምበት ቦታ ካልተተወለት ሮከሩ (ቫልቩን እየገፋ የሚከፍተው ክንድ) ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። በዚያች በቀጭን ወረቀት ልክ በምትሆን ክፍተት የሚነድ ጋዝ ይሾልክና ጠርዙን ይበላዋል። ትንሽ የላላ ቫልቭ ይጮሃል እንጂ አይቃጠልም፤ የጠበቀው ግን ድምፅ ሳያሰማ ያልቃል።

በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል የሚተወውን ክፍተት ልክ ከመኪናው መመሪያ ይውሰዱ። ለ1300 እና ለ1600 ቮልስ በተለምዶ 0.15 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለካውም ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው፤ በማለዳ ሳይነሳ ይመረጣል። የሚለካው ሲሊንደር ፒስተን ጫፍ ላይ መድረሱን፣ ሁለቱም ሮከሮች በእጅ ሲነኩ የሚወዛወዙ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በክፍተቱ የገባው ስስ መለኪያ ብረት ሲጎተት ትንሽ ያዝ ሊያደርግ ይገባል እንጂ መታገል የለበትም። መዝጊያ ፍሬውን ሲያጠብቁ ልኩ ስለሚንሸራተት ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። በቮልስ ላይ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መድገም ተገቢ ነው። በቀድሞዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚጋርድ ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፤ የተለየ ትኩረት ይስጡት።

ያገኙትን ልክ በደብተር ይመዝግቡ። አንድ ቫልቭ በየጊዜው ብቻውን እየጠበቀ ከመጣ ወይ መቀመጫው እየሰመጠ ወይ ግንዱ እየተሳበ ነው። የተሳበ ቫልቭ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ሊሰብር ስለሚችል እያላሉ መንዳት መፍትሔ አይሆንም፤ መቀየር አለበት።

ጥያቄ፦ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ቫልቭ ያቃጥላል?

መልስ፦ በቴስታታው ይወሰናል። በቀድሞው ቤንዚን የነበረው እርሳስ በመቀመጫው ላይ ስስ ሽፋን ይተው ነበር። መቀመጫው በቴስታታው በራሱ በጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ በፈሰሰ ብረት) ላይ የተቆረጠ ከሆነ፣ ያለ ሽፋኑ በረጅም ፈጣን ጉዞ ይበላል፤ ቫልቩ ይሰምጣል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ቶርኖ ቤት ጠንካራ የመቀመጫ ቀለበት ማስገባት ይፈታዋል። የአሉሚኒየም ቴስታታዎች ከመነሻው ቀለበት ስላላቸው ስጋቱ አነስተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ቫልቩ ከመቀመጫው ጋር እንዲገጥም ታሽቶ ተገጠመ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ያው ሲሊንደር እንደገና ተቃጠለ። ለምን?

መልስ፦ ያቃጠለው ምክንያት ሳይነካ ስለቀረ ነው። ጋይዱ (የቫልቩ ግንድ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ካረጀ ቫልቩ እየተወዛወዘ ስለሚቀመጥ መታሸቱ አይጠቅመውም። የመቀመጫውን ስፋትም ይለኩ፤ ለጭስ ቫልቭ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፣ ከጠበበ ሙቀት አያስተላልፍም። የቫልቩ ጠርዝ እንደ ቢላ ከሳሳ ይጣል። ከመገጠሙ በፊት ቴስታታውን የጭስ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን አጋድመው በቀዳዳው በኩል ቤንዚን ያፍስሱ፤ ለጥቂት ደቂቃ በቫልቩ ዙሪያ ምንም ካላዠ ገጥሟል።

ያው አንዱ ሲሊንደር ብቻ መደጋገሙ ግን ወደ ማኒፎልዱ (የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ ወደሚያደርሰው ቱቦ) ይጠቁማል። በዚያ ሲሊንደር አጠገብ ያለው የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን አየር ካስገባ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፣ እሳቱም ዘግይቶ እየነደደ ቫልቩን ይገርፈዋል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በሚኒሞ እየሠራ በመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ይርጩ፤ ውሃው ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። የእሳት ጊዜውንም (ካንዴላው የሚተኩስበትን ቅጽበት) ያስለኩ፤ የዘገየ እሳት ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።