«ለአዋቂ ብቻ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚወጣ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ታሪኩ ከገጠር መጥታ ግሮሰሪ ውስጥ በአስተናጋጅነት ስለምትሠራ ሴት ነው። አሠሪዋ ይደፍራታል። ዱላም አለበት፣ ስድብም አለበት። በየክፍሉ አናት ላይ ግን «ከ18 ዓመት በታች የተከለከለ» ብዬ እጽፋለሁ። አሁን ከጓደኞቼ ጋር አጭር ፊልም ልናደርገው ነው። የንስሐ አባቴ «ተው፣ ይቅርብህ» አሉኝ። እኔ ግን የምጽፈው ለአዋቂ ነው፤ አዋቂ ደግሞ ለራሱ ያውቃል። ጥፋቴ ምንድን ነው? ሥጋ ወደሙ መቀበልስ እችላለሁ? እንዲያዩት 7ኛውን ክፍል ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ጾሙ ስለ ጸሎቱ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። «አዋቂ ለራሱ ያውቃል» ያልካት ላይ ግን ቁጭ ልበል። ይቺን ነገር ከስንቱ ሰምቻት መሰለህ። ከዘፋኙም፣ ከሠዓሊውም፣ ቀልድ አውርቶ ከሚያድረውም። ሁሉም በሩ ላይ ማስታወቂያ ከለጠፉ በኋላ ውስጥ የሚሆነው ነገር የማይመለከታቸው ይመስላቸዋል። ማስታወቂያው የሚናገረው ማን እንዳይገባ ነው። የገባውን ሰው ምን አድርገህ እንደምትሰደው አይናገርም።

እሱም ማስታወቂያ ከተባለ ነው። ልጅ «የተከለከለ» ሲባል አይደል የሚሮጠው? የአባቱ ስልክ እንደሆነ ሶፋ ላይ ተጥሎ ነው የሚውለው። ይሁን፣ ልለፈው።

አዋቂ ማነው? በእኛ አገር አዋቂ ሲባል ጠንቋይም ነው፣ እሱን ተወው። ዕብራውያን ምዕራፍ 5 መጨረሻው ላይ፣ ጠንካራ ምግብ የሚገባው መልካሙንና ክፉውን መለየት ለለመዱ ሰዎች ነው ይላል። ዕድሜ አልቆጠረም። ዳዊት በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ ሕፃን ነበር እንዴ? ንጉሥ ነበር፣ ባለ ትዳር ነበር፣ መዝሙር ደራሲ ነበር። አንድ እይታ ነው የጣለው። እንግዲህ «ለአዋቂ ነው የምጽፈው» ስትል ሸክሙን ከትከሻህ ያወረድክ መስሎህ ከሆነ፣ ጨመርክበት እንጂ አላወረድክም፤ ምክንያቱም ክፉና ደጉን ለመለየት የሚታገል ሰው ፊት ነው ማዕድ የዘረጋኸው።

እንዲህ ስል ዝም በል እያልኩህ እንዳይመስልህ። «የኃጢአት ወሬ መጻፍ ኃጢአት ነው» የሚሉትም ተሳስተዋል። እነሱንም ብዙ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን አንብብ። አምኖን ትዕማርን አስነወራት። ወንድሟ አቤሴሎም «እኅቴ ሆይ፣ ዝም በይ» አላት። መጽሐፉ ግን ዝም አላለም። ከመደፈሯ በፊት «ነውሬን ወዴት እሸከማለሁ?» ብላ የለመነችውን ጻፈላት። በኋላም አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች መሄዷን ጻፈ። የተደፈረችን ሴት ታሪክ ነውር ነው ብሎ የሚሸፍን ሰው ከአቤሴሎም ጋር ነው የቆመው።

ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄደህ ከሆነ ግድግዳውን አይተኸዋል። ደም አለ፣ የሚታረድ ሰማዕት አለ፣ 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ አለ። ያን ሁሉ እናቷ ጀርባ ላይ የታዘለች ሕፃንም ታየዋለች! ግን የድሮ ሠዓሊዎቻችን ክፉውን ሰው በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ይሥሉታል፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ። ሠዓሊው ከማን ጋር እንደቆመ የሚያየው ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። በላዔ ሰብእንም ብትወስድ፣ የሥዕሉ ልብ የበላው ሥጋ አይደለም፤ ለተጠማው ሰው የሰጣት ጥርኝ ውኃ ናት።

አሁን ወደ 7ኛው ክፍልህ ልምጣ። አነበብኩት። ብዕር አለህ፣ አልክድህም። ግን አሠሪው ሲደፍራት ሁለት ገጽ ጽፈሃል፤ በማግስቱ እሷ ምን እንደሆነች ሦስት መስመር። ደግሞም በዚያ ሁለት ገጽ ውስጥ ልጅቱን የማያት በማን ዓይን ነው? በአሠሪው። አንገቷን፣ ቀሚሷን፣ ሁሉን በእሱ ዓይን ነው ያሳየኸኝ። ሽማግሌው እኔ እንኳ ለአንድ አፍታ እሱ ቦታ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት፤ ደነገጥኩ። የዳዊትንና የቤርሳቤህን ነገር ተመልከት። መኝታው በአንድ ቁጥር አለቀ። ባሏ ኦርዮ በንጉሡ ቤት ደጅ ማደሩ፣ የገዛ ሞቱን ደብዳቤ በገዛ እጁ መሸከሙ ግን ረጅም ነው። ጸሐፊው የት እንደቸኮለ፣ የት እንደዘገየ ታያለህ?

እኔም ወግቶኛል፤ ለዚህ ነው የማውቀው። ቅኔ ቤት ሳለሁ፣ ገና ደበሎ ለባሽ፣ ስለ አንዲት ጠጅ ሻጭ ጉባኤ ቃና ቆጠርኩ። ሁለት ቤት ብቻ ናት። ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ፣ እኔም ኮራሁ። መምህሬ የኔታ አልተቆጡም። «ስትቆጥራት ከሁሉ ደስ ያለህ በየትኛዋ ቃል ነው?» ብቻ አሉኝ። መመለስ አቃተኝ። ቃሏን እሳቸውም ያውቋታል፣ እኔም አውቃታለሁ። ቅኔዋን እዚያው ቀበርኳት። አንተም 7ኛውን ክፍል ስትጽፍ ደስ እያለህ የዘገየህበትን መስመር ታውቀዋለህ፤ እኔ አላሳይህም።

ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ብቻ። «ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል» የሚለውን ጥቅስ ስታነብ የምታስበው ተመልካቹን ነው። እኔ መጀመሪያ የማስበው ያቺን ሴት ሆና የምትተውነውን ልጅ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ወደ ሰፈሯ ነው የምትመለሰው። እናቷም ጎረቤቷም ያዩዋታል። ምን እንደሚቀረጽ ከመጀመሪያው ነግረሃታል? «ይኼን አልሠራም» ብትል የሚቆጣት ሰው አለ? ሰዓቱ መሽቶ፣ ካሜራው ተደግኖ፣ ስድስት ወንድ ቆሞ እያያት የሚጠየቅ እሺታ እሺታ አይባልም። ስለ ደፋሪ አሠሪ ፊልም እየሠራህ አንተው ሌላ አሠሪ ትሆንባታለህ።

ሥጋ ወደሙን በተመለከተ፣ ያ የንስሐ አባትህ ጉዳይ ነው፤ እኔ በጽሑፍ አልፈታም አላስርም። ደግሞ «ተው» ያሉህ ጽሑፉን አንብበው ነው ወይስ ወሬውን ሰምተው? ይዘህላቸው ሂድና ጮክ ብለህ አንብብላቸው። አፍረህ የዘለልከው አንቀጽ ካለ በእርሳስ አስምርበት። ከዚያ ስለምትተውነው ልጅ የጠየቅኩህን መልሰህ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።