ፓስወርዱን ተዪው፣ ዶሜይኑ በማን ስም ነው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ካዛንቺስ የነበረው ሱቃችሁ ፈርሶ ወደ ሜክሲኮ ተዛውራችኋል፤ ዌብሳይቱ ግን እስካሁን ደንበኛ ወደ ድሮው ቦታ ይልካል። የሠራላችሁ ልጅ መጀመሪያ ስልክ አላነሳ አለ፤ አሁን ደግሞ ፓስወርዱን ለመስጠት ገንዘብ ጠየቀ። «እንክሰሰው ወይስ አዲስ ዶሜይን፣ ማለትም አዲስ የዌብሳይት ስም፣ ገዝተን እንገላገል?» ነው ያልሽው። ሁለቱንም ለጊዜው አቆዪያቸው።

እኔ ፒያሳ አካባቢ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ የቢሮ ኃላፊ ነኝ። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ስቀጠር የድርጅቱ ዶሜይን ዌብሳይቱን በሠራው ልጅ የግል ኢሜይል ተመዝግቦ፣ ዱባይ በሚኖር ጓደኛው ካርድ እየተከፈለ ነበር። ልጁ ካናዳ ሄደ። ክፋት የለበትም፤ ረሳን፣ በቃ። የጓደኛው ካርድ ጊዜው ሲያልፍ እድሳቱ ሳይከፈል ቀረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ዌብሳይቱም ኢሜይሉም አብረው ጠፉ። ቱሪስቶች «የጻፍንላችሁ እየተመለሰብን ነው» ብለው በዋትሳፕ ባይነግሩን ኖሮ ቶሎ አናውቅም ነበር።

ዶሜይንና ሆስቲንግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሆስቲንግ ፋይሎችሽ የተቀመጡበት የኪራይ ቦታ ነው። ቢጠፋ ያናድዳል፣ ግን ሌላ ቦታ ተከራይቶ እንደገና ይሠራል። ዶሜይን ግን ስምሽ ነው፤ ቢዝነስ ካርድሽ ላይ፣ ማስታወቂያሽ ላይ፣ ደንበኛ ጭንቅላት ውስጥ ያለው እሱ ነው። ኢሜይላችሁም በዚያው ስም ከሆነ፣ ዶሜይኑን የያዘ ሰው ወደ እናንተ የሚመጣውን መልእክት ወደፈለገበት ማዞር ይችላል። መኪናውን አንቺ እየነዳሽ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም እንደሆነ ቁጠሪው።

ስለዚህ ዛሬውኑ አይካን (ICANN) የሚባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ያዘጋጀውን የዶሜይን መፈለጊያ ገጽ ከፍተሽ ዶሜይናችሁን ጻፊበት። ነጻ ነው። ዶሜይኑ የተመዘገበበትን ኩባንያ፣ ማለትም ሬጂስትራሩን፣ እና የሚያበቃበትን ቀን ያሳይሻል። በፈረንጅ ከ2018 ወዲህ የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ስለሚሸፈን እሱን ካላየሽ አትደንግጪ። «ትራንስፈር ፕሮሂቢትድ» (ማዛወር ተከልክሏል) የሚል ነገር ብታዪም አትደንግጪ፤ ከስርቆት የሚጠብቅ የተለመደ ቁልፍ ነው። ቀኑን ግን በጥንቃቄ አንብቢ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከመሆኑም በላይ የሬጂስትራሮች ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ ወሩን ያስቀድማል። 03/04/2026 የሚለው የካቲት 25 ነው፤ የእኛ ሒሳብ ሠራተኛ ቢያነበው መጋቢት 25 ይለው ነበር። እድሳት ላይ አንድ ወር ቀላል አይደለም።

ዶት ኮም ከሆነና ጊዜው ካለፈ፣ ብዙ ሬጂስትራሮች ለተወሰነ ጊዜ በመደበኛ ዋጋ ያድሱልሻል። ይህ እስከ 45 ቀን ሊደርስ ይችላል፣ ግን ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ያ ካለፈና ዶሜይኑ ከተሰረዘ ለ30 ቀን ማስመለስ ይቻላል፤ ክፍያው ግን ከእድሳቱ ብዙ እጥፍ ነው። ከዚያ 5 ቀን ይጠበቅና ለማንም ክፍት ይሆናል። አንዳንድ ሬጂስትራሮች እዚያ ሳይደርስ ለጨረታ ያወጡታል። ወደ ልጁ ስትሄጂ የቀረሽን ጊዜ አውቀሽ ሂጂ።

አሁን ልጁ ጋ እንምጣ። ፓስወርድ አትጠይቂው። እንዲህ ዓይነት ልጆች ብዙ ጊዜ የሁሉንም ደንበኞቻቸውን ዶሜይን በአንድ አካውንት ነው የሚይዙት። እንደዚያ ከሆነ ፓስወርዱን ለአንቺ ሰጠ ማለት የሌሎቹንም ሰጠ ማለት ነው። እምቢ ያለው ለዚህም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልፈርድበትም። ይልቅ እዚያው ሬጂስትራር ጋ በድርጅታችሁ ስም አካውንት ክፈቺና «ዶሜይኑን ወደዚህ አካውንት ፑሽ አድርግልን» በይው። ከአካውንት ወደ አካውንት ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የእኛም ያለቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ልጁ ካናዳ ሆኖ ከስልኩ ላይ ጨረሰው። ወደ ሌላ ሬጂስትራር ልዛወር ካልሽ ነገሩ ይረዝማል፤ በቅርቡ የተገዛ ወይም የተዛወረ ዶሜይን ደግሞ ለ60 ቀን ሊታገድ ይችላል። እሱን ለሌላ ጊዜ አድርጊው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ያልከፈላችሁት ቀሪ ሒሳብ ካለ ክፈሉት። ከኪሱ ዶላር አውጥቶ ሲያድስላችሁ ከነበረም ይገባዋል። ለማስረከቢያ ብቻ የሚጠይቀው ገንዘብ ግን የራሳችሁን ስም መልሶ መሸጥ ነው። እሱንም ቢሆን ከአዲስ ዶሜይን፣ ከአዲስ ቢዝነስ ካርድና ከጠፋ ደንበኛ ወጪ ጋር አስተያይተሽ ወስኚ፤ ትንሽ ከሆነ እኔ እከፍል ነበር። ክፍያው የሚለቀቀው ዶሜይኑ አንቺ አካውንት ውስጥ ሲታይ ነው፣ ቀድሞ አይደለም። በጽሑፍም ይሁን፣ ቴሌግራም ላይ እንኳ ቢሆን።

እምቢ ካለ ለሬጂስትራሩ ጻፊ። ንግድ ፈቃዱን፣ ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙን አያይዢ። ምዝገባው በድርጅቱ ስም ከሆነ ሊሰሙሽ ይችላሉ። በልጁ ስም ከሆነ ግን ለእነሱ ባለቤቱ እሱ ነው። በንግድ ምልክት የሚቀርብ ዓለም አቀፍ አቤቱታም አለ፤ ዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ጋ ለአንድ ዳኛ 1,500 ዶላር ይጠይቃል፣ ልጁ ስሙን በክፉ ልቦና መያዙንም ማስረዳት ይጠበቅብሻል። ክሱስ ብትዪኝ፣ ልደታ ያለው ፍርድ ቤት ልጁን ሊያስገድደው ይችል ይሆናል። አሜሪካ ያለውን ሬጂስትራር ግን ከዚህ ሆኖ ማዘዝ ሌላ ጣጣ ነው።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከዶላር ካርድ እጦት ነው። ካርድ ስለሌለን «አንተው ግዛልን» እንላለን፤ የከፈለው ሰው ያኔውኑ ባለቤት ይሆናል። መክፈልና መያዝ ግን መለያየት አለባቸው። ካርዱ ዋሽንግተን ያለችው የአክስትሽ ልጅ ቢሆን ችግር የለውም። አካውንቱ፣ ኢሜይሉና የተመዘገበው ስም የእናንተ ይሁን እንጂ። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ እስከ 10 ዓመትም አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። ካርድ ባገኘሽ ቀን የ5 ዓመቱን አንድ ላይ ጨርሺው። በዶት ኢቲ የሚያልቅ ስም ከፈለጋችሁ ደግሞ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ቢያንስ እዚሁ ከተማ ሄደሽ ሰው ማናገር ትችያለሽ።

አካውንቱን ስትከፍቺ በዚያው ዶሜይን ላይ ባለ ኢሜይል አትክፈቺው። ዶሜይኑ ሲጠፋ ኢሜይሉም ስለሚጠፋ፣ ማስመለሻው ኮድ የማይከፈት ሳጥን ውስጥ ይገባል። የድርጅቱ የሆነ ጂሜይል ይሁን፤ ኮድ የሚመጣበትም ሲም ካርድ የድርጅቱ እንጂ ነገ ሥራ ልትለቅ የምትችል ጸሐፊ መሆን የለበትም። ሲሙ ቢጠፋ አካውንቱን የሚከፍቱልሽን የመጠባበቂያ ኮዶች አትመሽ ንግድ ፈቃዱ ያለበት ፋይል ውስጥ ክተቻቸው።

ስለ ሆስቲንጉ ብዙ አልልም። ዶሜይኑ እጅሽ ከገባ ወደፈለግሽው ሆስቲንግ ታዞሪዋለሽ። ልጁ የፋይሎቹንና የዳታቤዙን ቅጂ ከሰጠሽ ጥሩ። ካልሰጠሽ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የድሮ ገጾቻችሁን ፈልጊ፤ እኛ ያጣናቸውን የጉዞ መግለጫዎች ግማሹን ያገኘነው እዚያ ነው።

እስከዚያው ጉግል ማፕ ላይ ያለውን አድራሻ አስተካክዪ፤ ለዚህ ልጁ አያስፈልግሽም። እሱም በልጁ ጂሜይል ተከፍቶ ከሆነ ባለቤትነት መጠየቂያ አለው፣ ዛሬውኑ ላኪው። ሬጂስትራሩንና የሚያበቃበትን ቀን ስታዪ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ፑሽ የሚደረግበትን ቦታ አሳይሻለሁ።