መልስ፦ ጥላሁን ሲነሳ ለምን ሕመሙ ይቀድማል?

ወንድሜ፣ «ጥላሁን ገሠሠን ባነሳሁ ቁጥር ሰው የሚነግረኝ ስለ ስኳር ሕመሙና ስለ እግሩ ነው፤ ዘፈኑስ የት ገባ?» ብለህ ጠይቀሃል። እውነትህን ነው፤ እኔንም ያንገበግበኛል።

ምክንያቱ ዕድሜ ይመስለኛል። አባቶቻችን የሚያውቁት የአገር ፍቅር ቴአትርና የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራውን ጥላሁን ነው። እኛ የደረስንበት መጨረሻ ላይ፣ ከታመመ በኋላ ነው። ያየነውን እናወራለንና።

እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ የጥላሁን የትዝታ ዘፈን ተከፍቶ ሳለ አንድ ወጣት «እግሩ የተቆረጠው ሰውዬ አይደል?» አለ። ጎኑ የተቀመጡ አባት ብርሌያቸውን አስቀመጡና «ዝም በልና ስማ ልጄ። ትንፋሹን የት ላይ እንደሚስብ ልብ በል» አሉት። ልጁ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ያን ቀን ነው ትንፋሹን በደንብ ያዳመጥኩት፤ ረጅሙን ስንኝ ሳይቆርጥ ይዞት ይሄዳል።

በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር ያለቀሰው ለዚያ ድምፅ ነው። ሕመሙ ይነገር፣ ነውር የለውም፤ ስኳር ስንቱን ቤት አንኳኩቷል! ግን ድምፁ ይቅደም። ለታናናሾችህ ስታስተዋውቀው ከ1950ዎቹ ሥራዎቹ ጀምርላቸው። ስለ በሽታው ከጠየቁህ ኋላ ትነግራቸዋለህ።