ካሬ፣ ክብ፣ ጎነ ሦስት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አራት ኪሎ አካባቢ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለ ጠፍጣፋ ቅርጾች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከወላጅም፣ ከተማሪም፣ ከግንበኛም መጣልኝ። በጣም ደስ ብሎኛል።

መምህር፣ የልጄ ደብተር ላይ «ጎነ ሦስት» ይላል። እኛ የምናውቀው «ሦስት ማዕዘን» ነው። የቱ ነው ልክ?

ሁለቱም። ሦስት ጎን ያለው ሁሉ ማዕዘኑም ሦስት ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው «አራት ማዕዘን» ነው። ሰፈር ውስጥ እንዲህ ሲባል ሁላችንም የምናስበው በር ወይም ጠረጴዛ ነው። ጎነ አራት ግን የተንጋደደውንም ይጨምራል። የበሩ ዓይነት ሬክታንግል ይባላል።

ካሬ ሬክታንግል ነው? ልጄ «አዎ» ብላ ከአባቷ ጋር ተከራክራለች።

ልጅሽ ልክ ናት፣ እህቴ። ሬክታንግል ለመባል የሚጠየቀው አራቱም ማዕዘን 90 ዲግሪ መሆኑ ነው። ካሬ ይህን ያሟላል፤ በዚያ ላይ ጎኖቹ እኩል ናቸው። የፒያሳ ልጅ ሁሉ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ግን የፒያሳ ልጅ አይደለም። ካሬ ሮምበስም ነው፤ ሮምበስ የሚጠይቀው አራቱ ጎኖች እኩል እንዲሆኑ ብቻ ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሬን በጫፉ ካቆምሽው ብዙ ልጆች «ዳይመንድ» ይሉታል። ስላዞርሽው ግን ጎኑም ማዕዘኑም አልተለወጠም፤ ያው ካሬ ነው። የቅርጽ ስም የሚወጣው ከአቀማመጡ ሳይሆን ከጠባዩ ነው። ልጆች ይህን በጊዜ ቢይዙልኝ ብዙ ድካም ይቀርላቸው ነበር።

200 ካሬ ቦታ ሲባል ቦታው ካሬ ቅርጽ አለው ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ «ካሬ» ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ የሚነግረን ስፋቱን እንጂ ቅርጹን አይደለም። 10 በ20 ቢሆን 200 ካሬ ነው። 8 በ25ም 200 ካሬ ነው። አጥር ስታጥር ግን ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ዙሪያው 60 ሜትር፣ ሁለተኛው 66 ሜትር ነው። ቦታው ሙሉ ካሬ ቢሆን 56.6 ሜትር ገደማ ይበቃህ ነበር። ከሬክታንግሎች ሁሉ፣ ስፋቱ እኩል ሆኖ ትንሽ አጥር የሚወስደው ካሬ ነው።

የአራቱን ጎን ርዝመት ብቻ ለክቼ የቦታዬን ስፋት ማወቅ እችላለሁ?

አትችልም። አራት እንጨት ጫፍ ለጫፍ በሚስማር ምታና ገፋ አድርገው። ይንጋደዳል። ጎኖቹ እነዚያው ናቸው፤ ስፋቱ ግን ቀንሷል። ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚሄደውን ሰያፍም ለካ። ያኔ ቦታህ ለሁለት ጎነ ሦስት ይከፈላል፤ ጎነ ሦስት ደግሞ ጎኖቹ ከታወቁ አይነቃነቅም። የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሰያፍ እንጨት የሚመታው ለዚሁ ነው።

ስኳድራ ሳልይዝ የክፍሉ ማዕዘን 90 መሆኑን በምን ልወቅ?

በሜትር ብቻ ይቻላል። ከማዕዘኑ ተነስተህ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርግ። በምልክቶቹ መካከል ልክ 100 ከመጣ ማዕዘኑ 90 ነው። ከ100 ካነሰ ጠቧል፣ ከበለጠ ተከፍቷል። ክፍሉ ትልቅ ከሆነ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ተጠቀም፤ ስህተቱ ቶሎ ይታይሃል። ሙሉውን ክፍል ለማየት ደግሞ ትይዩ ግድግዳዎቹ እኩል መሆናቸውን አረጋግጥና ሁለቱን ሰያፎች ለካ። እነሱም እኩል ከሆኑ ክፍሉ ሬክታንግል ነው። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት አድርገው፣ አደራ።

አራዳ ጊዮርጊስ ስምንት ጎን ነው። የእንዲህ ያለ ቅርጽ አንዱ ማዕዘን ስንት ነው?

ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል ሲሆኑ 135 ዲግሪ። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌሎቹ ጫፎች መስመር ብትሰምር ስድስት ጎነ ሦስት ይወጣል። 6 በ180 ሲባዛ 1080፤ ለ8 ሲካፈል 135።

ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት እንጀራ ከአንድ ባለ 60 ጋር እኩል ነው?

ግማሹ ነው። የክብ ስፋት የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ ነው፤ ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አንዱን ባለ 60 ለመተካት አራት ትንንሽ እንጀራ ያስፈልጋል።