«ልቤ ከክርስቶስ ጋር ከሆነ ዮጋ ባስተምር ምን አለበት?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ወገቤን ያመኝ ስለነበር ዮጋ ጀመርኩ፤ በጣም ተሽሎኛል። አሁን የ200 ሰዓት የአስተማሪነት ሥልጠና ወስጄ፣ ሰርተፍኬት ይዤ የራሴን ስቱዲዮ ልከፍት አስቤያለሁ። አንዳንዶች «አምልኮተ ጣዖት ነው» ይሉኛል። እኔ ግን በልቤ ክርስቶስን እያሰብኩ ነው የምሠራው። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማንም በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ ነቢዩ አልከለከለውም። ታዲያ ምን አለበት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወገብሽ ስለተሻለሽ እግዚአብሔር ይመስገን። ለጤናሽ መጠንቀቅሽ አያስወቅስሽም። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሰውነትን ማስለመድ «ለጥቂት ይጠቅማል» ብሏል፤ ጥቂትም ቢሆን ጥቅም ነው።

«እግርሽን እንዲህ ካጠፍሽ መንፈስ ይገባብሻል» እያሉ ከሚያስፈራሩሽ ጋር አልስማማም። ጀርባን የሚታጠፍ አድርጎ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ዛሬ በየስቱዲዮው ከሚሠሩት አቋቋሞች ብዙዎቹም የዛሬ መልካቸውን የያዙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ክሪሽናማቻርያ የሚባለው መምህር በ1930ዎቹ በሕንድ ማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምር ነበር፤ ዮጋን በዓለም ካስፋፉት ዋነኞቹ የእሱ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ጡንቻ ማሳሳብ ሁሉ ስግደት አይደለም።

የሚያሳስበኝ «ልቤ ከክርስቶስ ጋር ነው» ያልሽው ነው። ይህን አነጋገር በብዙ ጉዳይ ላይ፣ ከብዙ ምእመናን አፍ እሰማዋለሁ። ልብ ለብቻው ክርስቲያን፣ ሥጋ ደግሞ ለብቻው ነጻ የሆነ ይመስላቸዋል። እኛ እኮ በሥጋችን የምንሰግድ፣ በሥጋችን የምንጾም፣ በእጃችን የምናማትብ፣ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን በአፋችን የምንቀበል ነን። በቤታችን ሥጋ ይህን ያህል ቁም ነገር ከሆነ፣ ከቤታችን ስንወጣ እንዴት ዋጋ ቢስ ይሆናል? ሠለስቱ ደቂቅስ በልባቸው እግዚአብሔርን እያሰቡ ንጉሡ ባቆመው ምስል ፊት ጉልበታቸውን ብቻ ማጠፍ አይችሉም ነበር? ይችሉ ነበር። እነሱ ግን እሳቱን መረጡ።

ንዕማንን ጠቅሰሻል። ታሪኩን በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ደግመሽ አንብቢው። ንዕማን እጁን የሚደገፍ ንጉሥ ነበረበት፤ ግዴታ ይዞት ነው። «ምን አለበት?» አላለም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ብሎ ነው የለመነው። ደግሞም ሌላውን አሰጋገድ ላስተምር አላለም። አንቺ ግን ማንም ሳያስገድድሽ አስተማሪ ልትሆኚ ነው።

የሥልጠናውን ይዘት አይተሽዋል? የ200 ሰዓቱ መለኪያ ዮጋ አሊያንስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት አስተማሪዎችን ለመመዝገብ የሚጠቀምበት ነው። ውስጡ የሰውነት አካላት ትምህርት አለ፤ ይህ መልካም ነው። የአተነፋፈስ ልምምድ፣ ሜዲቴሽን (ሐሳብን ጸጥ የማድረግ ልምምድ) እና የዮጋ ፍልስፍናም ግን አለበት። በፍልስፍናው ትምህርት የጥንቱ የሕንድ የዮጋ መምህር የፓታንጃሊ ስምንቱ ደረጃዎች ይነሣሉ። ከስምንቱ አንቺ የምትወጂው የሰውነት አቋቋም 3ኛው ብቻ ነው። የመንገዱ መጨረሻም ንቃተ ኅሊና ከቁስ አካል ሁሉ ተለይቶ ነጻ መውጣቱ ነው። እኛ ደግሞ «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» የምንል ነን። ከሥጋ ለመላቀቅ ሳይሆን ሥጋ እንዲከብር ነው የምንጠብቀው። ሰርተፍኬቱን ስትይዢ ይህን መንገድ ተምሬያለሁ፣ አስተምራለሁም እያልሽ ነው።

የክፍለ ጊዜውን ማብቂያ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። መብራቱ ይደበዝዛል። ተማሪዎቹ ምንጣፋቸው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያ ጸጥታ የሚሰሙት የአስተማሪዋን ድምፅ ነው። «ሐሳብሽን ልቀቂው፣ ኃይል ሲፈስብሽ ይሰማሽ» ስትላቸው ይታዘዛሉ። ከእነዚያ መካከል ባሏ የሞተባት ትኖራለች፣ በጭንቀት እንቅልፍ ያጣ ወጣት ይኖራል። ወገቡን ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም ነው አምኖ የሰጠሽ። አንቺ በልብሽ ክርስቶስን እያሰብሽ ይሆናል፤ እነሱ ግን ልብሽን አያዩም፣ አፍሽን ነው የሚሰሙት። ሐዋርያው ያዕቆብ ከእናንተ ብዙዎቹ አስተማሪዎች አይሁኑ ያለው ፍርዱ ስለሚከብድ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ጣዖት ከንቱ መሆኑን ለሚያውቁ ሰዎች ነው የጻፈው። «ዕውቀታችሁ ስሕተት ነው» አላላቸውም። በጣዖት ቤት ማዕድ ተቀምጠህ ደካማው ወንድምህ ቢያይህስ? ነው ያላቸው። «ይህ መብታችሁ ለደካሞች ዕንቅፋት እንዳይሆንባቸው ተጠንቀቁ።»

«ማንትራውን (በዮጋ ጊዜ እየተደጋገመ የሚባለውን ቃል) ትቼ አስተምራለሁ» ትዪኝ ይሆናል። ኪራይና ደመወዝ ሲመጣ ደንበኛ የሚፈልገውን መከልከል ቀላል እንዳይመስልሽ። «እውነተኛው ዮጋ ይህ አይደለም» ብሎ ወደ ጎረቤት ስቱዲዮ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር፣ ደንበኛው ትክክል ነው። ዮጋን ከምንጩ ከሂንዱ እምነት ነጥሎ መሸጥ ብዙ ሂንዱዎችን ራሳቸውን ያስከፋል። በላዩ መዝሙረ ዳዊት ጨምሮ «የክርስቲያን ዮጋ» ማለትም ለእነሱም ለእኛም ታማኝነት አይደለም። ጸሎታችን ባዶ ኅሊና አይፈልግም። ዳዊት ብፁዕ ያለው ሕጉን «በቀንና በሌሊት» የሚያስበውን ሰው ነው።

ስለዚህ በዚህ ስም አስተማሪ አትሁኚ እልሻለሁ። ሰውን ከሕመም የማሳረፍ ፍላጎትሽን ግን አትጣይው፤ ስጦታ ነው። የአካል ብቃት አሠልጣኝነት ወይም ፒላቴስ የሚባለውን የሰውነት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ተማሪ። ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ተነጋግረሽ ለወገብና ለአንገት ሕመምተኞች የሚሆን እንቅስቃሴ አዘጋጂ። ስቱዲዮሽንም በሥራው ስም ጥሪው። ለራስሽ የምትሠሪውን የወገብ እንቅስቃሴ ቀጥዪ፤ ማንትራውንና ሜዲቴሽኑን ተዪ። ለሥልጠናው ገና ካልከፈልሽ ቆይ በይ። ከፍለሽም ከሆነ የትምህርቱን ዝርዝር ይዘሽ በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና አብራችሁ ተመልከቱት።